ጨፌው ዳር የተቋጠረ ሣር

ጽናት ሣሩን የቋጠረችው የአንዲት ዝይ ጎጆ እንዳይጠፋባት ብላ ነበር። በጓሳ፣ ሕዝቡ በጋራ በሚጠብቀው የሣር ሜዳ፣ ግን ሣር መቋጠር ሌላ ነገር ነው። ለቤት ክዳን ማጭድ በሚፈቀድበት ቀን ሰው ሁሉ እኩል ይገባል፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጭብጥ ሣር አጋጥሞ የቋጠረ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ቦታ ያዘ ማለት ነው። ነውር ነው። ጠባቂ ሲያደርገው ደግሞ ከነውርም ይብሳል፤ ጽናት ጠባቂ ናት።

ቋጠሮውን ያገኘችው ጎረቤቷና እኩያዋ አየለች ነች። ያውም ከጨፌው ዳር፣ ውሃው ከሚተኛበት፣ ሣሩ ከሁሉ ረዝሞ ከሚበቅልበት።

«ቤትሽ ማፍሰሱን እናውቃለን» አለቻት ሽማግሌዎቹ ፊት። «የእኛስ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል?»

«የእኔስ የሚያፈሰው ጣሪያው ነው፤ ያንቺ አፍሽ ነው» አለች ጽናት። «ዝይ ናት እዚያ ያለችው፤ ሰማያዊ ክንፍ ያላት። እንቁላሏን ታቅፋለች። ማጭድ እንዳይደርስባት ነው ምልክት ያደረግሁት።»

«ታዲያ በስልክሽ ፎቶ አታነሻትም ነበር?»

«መስተዋቱ ተሰንጥቋል። በእሱ ካነሣሁሽ አንቺም ዝይ ትመስያለሽ።»

ጋሽ ወዳጆ ሳቃቸውን ዋጡ። ከሽማግሌዎቹ «ማጭድ ይግባ» የሚሉት እሳቸው ናቸው።

«ነገ ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ ታሳዪናለሽ» አሉ። «ካላሳየሽን ጥበቃውን ትተያለሽ።»

ከአምስተኛ ክፍል ያልዘለቀችው ጽናት ወፎቹን ከእግራቸው ቀለም እስከ አጯጯሃቸው ያጠናችው ብቻዋን ነው። ለጥበቃው የተመረጠችውም በዚሁ ነበር። ይህ ከተነጠቀ ምን ይቀራታል?

ሲነጋጋ ጽናት፣ አየለችና ጋሽ ወዳጆ ከጨፌው ዳር በደረታቸው ተኙ። ሣሩ ውርጭ ለብሷል። ከኋላቸው፣ ዳገቱ ላይ፣ ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ ይጠብቃል። ጽናት አንገቷን አስግጋ ጎጆውን አየች። ባዶ ነው። የተሰባበረ ቅርፊት ብቻ። ቁራ በልቶታል አለች በልቧ።

«ዝይሽ መሐል ሜዳ ከተማ ለገበያ ወርዳ ይሆን?» አለች አየለች።

«ዝም በይ!» አሉ ጋሽ ወዳጆ በሹክሹክታ።

ከማዶ ቀይ ቀበሮ ብቅ አለ። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበርና ጀርባው ፍም መሰለ። አንድ እግሩን አንሥቶ ቆመ፤ ጆሮው ወደ ውሃው ቀና። ከዚያ እየተሳበ፣ ሣር እንኳ ሳያንኮሻኩሽ ወደ ጨፌው ወረደ።

ያን ጊዜ ከቄጠማው ውስጥ ዝይዋ ወጣች። አልሸሸችም። አንገቷን ዘርግታ፣ ክንፎቿን ገልጣ በፊቱ ቆመች፤ ከግራጫው ላባ ሥር ያ ሰማያዊ እንደ በጋ ሰማይ ተዘረጋ። ከኋላዋ ስድስት ጫጩቶች ተኮልኩለዋል። ቀበሮው አያት። አየችው። ጽናት የራሷን ልብ ምት በመሬቱ ውስጥ ሰማችው። ቀበሮው ፊቱን አዙሮ፣ እንዳልቸኮለ ሁሉ፣ ሽቅብ ሄደ።

ዝይዋ ጫጩቶቿን እየመራች ወደ ሰዎቹ መጣች፤ ከአየለች እጅ አንድ ክንድ ሲቀራት ተቀመጠች። ጫጩቶቹ አንድ በአንድ ከክንፏ ሥር ገቡ።

«ልተንፍስ?» አለች አየለች፣ ድምፅዋን ሊሰማ እስከማይችል ድረስ ዝቅ አድርጋ። እንባዋ ይወርዳል።

ጽናት እጇን በቀስታ አየለች ጀርባ ላይ አሳረፈች።

«ጋሽ ወዳጆ! እንግባ?» አለ አንድ ሰው ከዳገቱ።

እሳቸው እንደተኙ መዳፋቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ሰዉን አቆሙ። ጫጫታው ጸጥ አለ። ከዚያ ሰዉ ማጭዱን ሣሩ ላይ እያጋደመ፣ አንዱ አንዱን እያየ፣ ባለበት ተቀመጠ።