ለጥሩምባ ነፊው ማን ይነፋል

ፈንታ ሚስቱ ብዙወርቅ የሞተች ዕለት አላለቀሰም። ጊዜ አልነበረውም። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ እሱ ነው፤ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ የሰፋሪዎች መንደር ጥሩምባውን ይዞ የሚዞር ሌላ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዓይኗን ከድኖ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ጥሩምባውን ከግድግዳ አውርዶ ወጣ። «የፈንታ ባለቤት ብዙወርቅ አርፋለች! ቀብር በስድስት ሰዓት! እንዳትቀሩ!» እያለ፣ ራሱን በስሙ እየጠራ መንደሩን ከዳር ዳር አዳረሰ። ሲመለስ ሴቶቹ ገንዘው ጨርሰዋል፣ ድንኳኑም ቆሟል፣ የለቅሶው ትኩስ ትኩሱ አልፎታል። አንዱ «ጎሽ፣ ያልሰማ የለም» አለው። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» አለና የሰው ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ይኸው ሦስት ወር ሆነው። ያርሳል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ምንም አይሰማውም።

መንደርተኛው ደግሞ ሰውን ብቻውን መተው አያውቅበትም። በደርግ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነው እዚህ ሲወርዱ፣ ገና ጎጆው ክዳን ሳይለብስ ነው ዕድር ያቆሙት። ማታ ማታ ፈንታ ቤት ይሰበሰባሉ። ስለ አዲሱ ክልል ያወራሉ፣ ማን ወሎ ተመለሰ ማን ቀረ ይባባላሉ፤ በመሀል በመሀሉ ዓይኑን ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ደረቅ ነው። ቆሎውን ያቀርብላቸዋል፣ ሲሄዱ እስከ በር ይሸኛቸዋል።

የብዙወርቅ ታናሽ እህት ዘመናይ ግን አንድ ቀን አላስቻላትም።

«አያ ፈንታ፣ አልቅስና ይውጣልህ እንጂ። እህቴ እኮ ባሏ ያላለቀሰላት ሆና ቀረች።»

«እሺ» አላት።

የምሩን ነው። ሰው የሌለ ጊዜ የብዙወርቅን ነጠላ አውጥቶ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። አልመጣም። አጥፎ ወደ ቦታው መለሰው። ያን ቀን ፈራ። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬያት የኖርኩት እንዲያው ለልማድ ነበር እንዴ? ብሎ ፈራ።

በዚያው ዓመት ዕድሩ የአገሩን ተወላጆች፣ የበርታ ብሔረሰብ ጎረቤቶቹንም አስገብቶ ነበር። ክልሉ ሲቋቋም «ክልሉስ የእነሱ ሆነ፣ ዕድሩም ይሂድ?» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። የዕድሩ ዳኛ ቸሩ ግን «ሬሳ ምን ክልል አለው!» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። ከገቡት አንዱ የፈንታ ጎረቤት ሱለይማን ነው፤ እህል ሲገባ በሚደረገው ጨዋታ ረጅሙን የቅል መለከት ከሚነፉት መሀል የሆነ፣ ደረተ ሰፊ፣ አማርኛው ገና ያልቀናለት፣ ወሬ የማያበዛ ሰው።

ጥር ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የፈንታን በር አንኳኳች። ባሏ ሽማግሌው ደባልቄ አርፏል። ፈንታ «እግዜር ያጥናሽ» አላት፤ ጥሩምባውን አንስቶ በሦስቱም የመንደሩ መንገድ ነፋ፣ ጠራ። እንደጨረሰ መንደሩ ጫፍ ወዳለው ወደ ደባልቄ ቤት ሄደ።

ማንም የለም። ማንጠግቦሽና ሬሳው ብቻ።

ይመጣሉ ብሎ ደጅ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ወጣች። ድንኳን የለ፣ ሰው የለ። በመጨረሻ ዘመናይ እያለከለከች ደረሰች።

«አያ ፈንታ፣ ሰዉ ሁሉ አንተ ቤት ነው ያለው!»

«እኔ ቤት ምን ሊሠራ?»

«ማንን ብለህ ጠራህ?»

«ደባልቄን ነዋ።»

ዘመናይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ብዙወርቅን ነው የጠራኸው። በሦስቱም መንገድ።»

እውነትም ግቢው ሞልቷል። ምን ያድርጉ? ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል፤ የተጠራችው ደግሞ ከተቀበረች ሦስት ወሯ። ዕድርተኛ ወደተጠራበት ነው የሚሄደው፣ ሄዱ። ድንኳኑን ግማሽ ድረስ ተክለው ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። አንድም የሳቀ የለም።

«አጥፍቻለሁ» አለ ፈንታ። «ያረፈው ደባልቄ ነው። ሬሳውን ብቻውን አስቀረሁት። እንደገና እጠራለሁ።» ጥሩምባውን ወደ አፉ አስጠጋ። ትንፋሹ እንቢ አለው።

ሱለይማን ከእጁ ወሰደው።

«አንተ ቁጭ በል፤ እኔ ይጠራል» አለ። «ለሰው ሁሉ አንተ ነፋ። ለአንተ ማን ነፋ?»

መልስ ሳይጠብቅ ወጣ። ፈንታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ጥሩምባ ነፊ በሆነበት ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጥሩምባውን ቤቱ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም። የሱለይማን አነፋፍ ረጅም ነው፣ ቶሎ አይቆረጥም።

«ደባልቄ አረፈ! ማንጠግቦሽ ቤት ኑ!»

እንደገና ነፋ።

«ብዙወርቅም አረፈ! የፈንታ ሚስት! ኑ!»

ፈንታ ቀና አለ።

«ማን አረፈ አለ?» ሲል ዘመናይን ጠየቃት።

«ብዙዬ» አለችው።

ጋቢው ከትከሻው ወደቀ። «ብዙዬ!» አለ፤ አሁን ገና እንደተረዳ ሰው ደረቱን እየመታ፣ «ብዙዬ! ብዙዬ!» እያለ አለቀሰ፤ ሴቶቹም ተቀበሉት።

ዳኛው ቸሩ ድንኳኑን አስነቅሎ ወደ ደባልቄ ቤት ላከ። ከሰዉ ግን ግማሹን እዚያው ከፈንታ ጋር አስቀረ።