የባየሽ ትከሻ

ባየሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከሥራ መጥታ ጫማዋን እንዳወለቀች፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ትጋደምና ቀኝ እጇን ለልጇ ትሰጥ ነበር። ኢየሩሳሌም አጠገቧ ትንበረከካለች። አንዱን እጇን ከክርኗ ሥር፣ ሌላውን ከእጅ አንጓዋ ላይ አድርጋ ክንዷን ቀስ እያለች ወደ ላይ ታነሳዋለች።

“ዘና በይ እማዬ። አንቺ ምንም አትሥሪ፤ የማነሳው እኔ ነኝ።”

“እሺ።”

“አመመሽ? ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?”

“ዜሮ።”

ዜሮ አልነበረም። ባየሽ በምትሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት እርጥብ አንሶላ ስትጎትት ከመስከረም ጀምሮ ትከሻዋ እየደረቀ ሄዶ፣ አሁን ፀጉሯን የምታበጥረው ጭንቅላቷን ወደ እጇ ዝቅ እያደረገች ነው። ክሊኒክ ሄዳ ታይታለች። ሐኪሙ፣ የተሰበረ ነገር የለም፣ መገጣጠሚያው ተይዟል፣ የሚፈታው እንቅስቃሴ ነው አላት። ኢየሩሳሌም ይህን ስትሰማ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። የምትማረው የፊዚካል ቴራፒ ረዳትነት ነው፤ ጓደኞቿ የሚለማመዱት እርስ በርሳቸው፣ በጤነኛ ትከሻ ላይ ነው።

“እኔ ግን ቤቴ ውስጥ እውነተኛ የታመመ ትከሻ አለኝ” አለች እየሳቀች።

እንዲህ ያለችን ልጅ እንዴት ታሳፍራት? ባየሽ “አመመኝ” ካለች ልጅቷ ታቆማለች፤ ካቆመች ደግሞ አትማርም። ደግሞም ባየሽ ያደገችው፣ ታሞ የተኛ ሰው ጠያቂ ሲመጣ ቀና ብሎ “ደህና ነኝ፣ ምንም አልል” በሚልበት ቤት ነው። ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን እያየች “ዜሮ” ትላለች። በጣም ሲብስባት “አንድ” ትላለች።

የካቲት ላይ፣ የተግባር ፈተናው ዕለት፣ ኢየሩሳሌም ሪችፊልድ ከተማ ወዳለው አፓርታማቸው ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ባየሽ በሩ ላይ ቆመች። ውኃው ብዙ ፈሰሰ።

“ወደቅሁ” አለች ልጅቷ ስትወጣ። “አንድ ሽማግሌ ነበር የሰጡኝ። ‘አራት’ አለኝ። እኔ ትንሽ ልጨምር ብዬ ገፋሁት። ትንፋሹን ሳብ አደረገ። አስተማሪያችን ሚስ ሊንድግረን ወዲያው አስቆመችኝ።”

“ምን አለችሽ?”

“ፊቱን አላየሽም አለችኝ። የታመመ ትከሻ ይህን ያህል እንደሚሄድ የት ነው የተማርሽው አለችኝ።” ኢየሩሳሌም ዓይኗን ጠረገች። “የሚቀጥለው ሐሙስ ድጋሚ ፈተና አለኝ። እሱን ከወደቅሁ እስከሚቀጥለው ዓመት ከትምህርቱ ወጣሁ ማለት ነው።”

ባየሽ ወጥ ቤት ገብታ ምንም ሳትሠራ ምድጃው ፊት ቆመች። ልጇ የት እንደተማረችው ታውቃለች።

በማግስቱ፣ ማጠቢያ ቤት ውስጥ አንሶላ ሲያጥፉ፣ ነገሩን ለባልደረባዋ ለወርቂቱ ነገረቻት። ወርቂቱ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ እንደያዘች ቆመች።

“እና ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋሸሻት?”

“እንድትማርልኝ ብዬ እኮ ነው።”

“ተምራለቻ። ሰው እንዴት እንደሚጎተት።” ወርቂቱ ሳቀች፤ ከዚያ የባየሽን ፊት ስታይ ሳቋን ተወችው። “እንደዚህ አንሶላ ብትጎተቺ የማያምሽ መሰልሻት፣ አንቺ ሴት። ዛሬውኑ ንገሪያት። እስከ ሐሙስ ካቆየሽው የባሰ ነው።”

ባየሽ በአውቶቡስ ስትመለስ የምትለውን አዘጋጀች። ቤት ስትደርስ ግን ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት፤ በሩ ላይ ቆማ፣ “ኢየሩ፣ ያመኝ ነበር” አለች።

“ምኑ?”

“ትከሻዬ። ዜሮ ስልሽ ዜሮ አልነበረም።”

ልጅቷ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። ስትናደድ እንግሊዝኛው ይቀድማታል፤ “ማም” አለችና በዚያው ቋንቋ ፈጥና ተናገረች። ባየሽ ግማሹ ብቻ ገባት፤ የገባት ግማሽ ግን በቂ ነበር። ከዚያ ኢየሩሳሌም ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

“ሐኪም ቤት ብሆንና ሌላ ሰው ላይ ባደርገውስ?” አለች በመጨረሻ፣ በአማርኛ።

“አውቃለሁ።”

“ተኚ። እንደ አዲስ እንጀምራለን። እውነቱን ካልነገርሽኝ ግን አልነካሽም።”

ባየሽ ተጋደመች። ኢየሩሳሌም ክንዷን አነሳች፤ በፕላስቲክ መለኪያዋ ማዕዘኑን ለካች። ሰባ ዲግሪ ላይ “ሦስት” አለች እናቷ። ዘጠና ላይ “ስድስት” አለች፣ ድምፅዋ እንደ ጥፋተኛ ዝቅ ብሎ። ልጅቷ ያን ጊዜ ማንሳቷን አቆመች፣ ክንዷን ትንሽ መለሰችና ያዘችው። ባለፈው ሳምንት መቶ ሃያ ያደረሰችው ትከሻ ይኸው ነበር።

ባየሽ ሌክ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ባለች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ትማራለች። የዚያን ሳምንት በትምህርት ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን፣ ዲግሪውንና ሕመሙን በራሷ እጅ ጻፈች። ቁጥሮቹ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ነበሩ፤ ውሸት ግን የለባቸውም። ኢየሩሳሌም ደብተሩን ከማቀዝቀዣው ላይ አንስታ እያንዳንዱን ታየዋለች። አንድ ቀን ማታ፣ “እንደዚህ ካደረግን በዝግታ ይፈታል” አለች። “መጀመሪያ እኔ አነሳዋለሁ። ቀጥሎ አብረን። በመጨረሻ አንቺ ብቻሽን። አንዱን ሳንጨርስ ሌላውን አንነካም።”

ለድጋሚው ፈተና ሚስ ሊንድግረን፣ ትከሻው የተያዘ ሰው ካለሽ ይዘሽ ነይ ብላ ነበር። ሐሙስ ሁለቱ አብረው ሄዱ። ክፍሉ ነጭ ነው፤ አልጋው ጠባብ ነው። ሚስ ሊንድግረን ረጅምና ጸጥተኛ ሴትዮ ናት፤ እስክሪብቶዋን ይዛ ግድግዳው አጠገብ ቆመች። ባየሽ ተጋደመች።

ኢየሩሳሌም በእንግሊዝኛ ምን እንደምታደርግ አስረዳች፣ ለእናቷ በአማርኛ ደገመችላት፣ ክንዷን አነሳች። ሰማንያ። ሰማንያ አምስት። ሕመሙ መጣ።

“ስንት ነው እማዬ?”

ባየሽ እስክሪብቶውን አየች። የልጇ ዓመት በሙሉ እዚያ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነበር።

“ሁለት” አለች።

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። ቃሏን ለመመለስ ጊዜ አላገኘችም፤ የኢየሩሳሌም እጅ ቀድሞ ቆሟል። ልጅቷ የምታየው ክንዱን ሳይሆን የእናቷን ፊት ነበር።

“ቅንድብሽ ሁለት አይልም” አለቻት በቀስታ።

“ስድስት ነው። ይቅርታ።”

ኢየሩሳሌም ክንዱን ወደ ሰባ አወረደችው። ወደ አስተማሪዋ ዞራ፣ እናቴ ሁለት ብላ ነበር፣ ፊቷ ግን ሌላ ስለሆነ አቁሜያለሁ፣ አሁን ስድስት ብላኛለች፣ ስለዚህ ዕቅዱን እቀይራለሁ አለች። ከጥግ ቀጭን በትር አምጥታ በሁለት እጇ አስያዘቻት፤ ጤነኛው እጅ የታመመውን ተሸክሞ እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ ይውሰደው አለች። ባየሽ አነሳች፣ አወረደች። አስር ጊዜ። እስክሪብቶው ሲሮጥ ሰማች፤ የሚጻፈው ምን እንደሆነ ግን ከተኛችበት አይታይም።

ሲጨርሱ ሚስ ሊንድግረን ወረቀቱን ለኢየሩሳሌም ሰጠቻት። ልጅቷ አንዴ አነበበችው፤ ከዚያ ለእናቷ ዘርግታ በጣቷ አንድ ቃል አሳየቻት። “አልፋለች” የሚል አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ባየሽ ፊደል በፊደል ወረደችበት፤ ስትጨርሰው ወረቀቱን ወዲያው አልመለሰችም።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ በረዶው ከጉልበት በላይ ተቆልሏል። ኢየሩሳሌም የእናቷን ቦርሳ ከቀኝ ትከሻዋ ላይ አወረደችና ራሷ ያዘችው።

“አሁንስ ስንት ነው?”

“ሦስት” አለች ባየሽ። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ቆም አለች። “አይ፣ አራት።”