የታይገር ጅራት

አገሬ እንሽላሊት ስታይ ነፍሷ የሚወጣ ሴት ናት። የ2008 በጋ ግን አዋረዳት፤ ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው አፓርታማዋ ውስጥ ዱቄት በምትመዝንበት ሚዛን፣ ሌፐርድ ጌኮ የሚሏትን ነብር መሳይ እንሽላሊት ትመዝን ጀመር። ሠላሳ ስምንት ግራም። ፋሲካ ላይ ሃምሳ አምስት ነበረች። ስቧ የሚጠራቀምበት ጅራቷ ከስቶ እርሳስ አክሏል።

እንስሳዋ፣ ታይገር፣ የሐዊ ናት፤ ማደሪያዋ ግን አገሬ ቤት ነው። ሐዊ ደግሞ የባሏ የአባተ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትሆን ጎረቤት ከተማ ሪቻርድሰን ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የእንጀራ እናትነት ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው! ዓመት ሙሉ ስትሸሻት የኖረች ልጅ ገና መላመዷ ነው። ታይገር እጇ ላይ ብትሞትባት ይህ ሁሉ ገደል ገባ።

አገሬ የወሰደቻት የእንስሳት ሐኪም መርምሮ በሽታ አላገኘባትም። የምትወደው ወፍራም ትል እንደ ከረሜላ ስለሆነ እንዲቀንሱላት፣ ፌንጣ በካልሲየም ዱቄት እየነሰነሱ እንዲሰጧት ነገራት። ሆዷ ካልሞቀ ግን የበላችው አይፈጭም አለ።

አገሬ ክው አለች። ከመስታወት ሳጥኑ ሥር ያለውን ማሞቂያ ከግንቦት ጀምሮ ነቅላዋለች። በዳላስ ሙቀት ላይ ደግሞ ማሞቂያ ብላ፣ አዝናላት! አባተ ታክሲ ሲነዳ ውሎ ቀልጦ ስለሚገባ ኤሲው ቤቱን በረዶ እንደሚያደርገው ረስታ፤ እሷው ራሷ ጋቢ ደርባ እየዋለች።

ዝም አይነቅዝም ብላ ማሞቂያውን መልሳ ሰካችው። ፌንጣውን ፊቷን አዙራ በወረንጦ ታቀርብላታለች። ሐዊ ቅዳሜ መጥታ ሳጥኑ አጠገብ ስታለቅስ፣ ጸጉሯን እየዳበሰች "ትድናለች" ትላታለች። ሌላ አትተነፍስም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሚዛኑ አርባ አራት አለ። ሐዊ በደስታ ዘለለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ።

"እኔ ነኝ ሲክ ያደረግኳት። ትሉን ላይክ ስለምታደርገው እሱን ብቻ ሰጠኋት። ማሚም ያንቺ ጥፋት ነው አለችኝ።"

ሕፃኗ የሷን ጥፋት ተሸክማ ስታያት አገሬ መደበቋን ተወች።

"አንቺ አይደለሽም፣ የኔ እናት። ማሞቂያዋን የነቀልኩት እኔ ነኝ። አላወቅኩም ነበር።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ታይገርን ሐኪም ቤት የወሰድኳት ቀን።"

ሐዊ ቀና አለች። "ሶ፣ እኔ ሳለቅስ ታውቂ ነበር?"

አገሬን መዋሸት አማራት። "አውቅ ነበር" አለች።

ሐዊ ታይገርን ከሚዛኑ ላይ አንስታ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋችው።