ዓይኔን ብለው ወገቤን

«እስቲ ንገረን ሱሌማን፤ አባትህን ወደ ጣሊያኖቹ ድንኳን ምን ያመላልሰው ነበር?»

 የጠየቀችው የሟቹ አባቱ የአደም እኅት አስያ ናት፤ ለቀስተኛው በሹክሹክታ የሚለውን እሷ ጮክ ብላ ትናገራለች።

«ለዓይኑ ነው ብዬሻለሁ» አለች እናቱ ዘሊካ ከጥጓ።

«ዓይኑን ያመመው ሰው ልብሱን አውልቆ ወገቡን ያስነካል? ራሱ አይደል የነገረን!»

እውነት ነው፤ አደም ከሐኪሙ ድንኳን ሲመለስ እየሳቀ ነግሯቸው ነበር። «ዓይኔን ብለው ወገቤን ነካካ! ጉልበትህስ፣ ተረከዝህስ እያለ በጣቱ ይጠቁመኛል። ለካ ፈረንጅ ዓይን የት እንዳለ አያውቅም!» ያኔ የባሕር ዳር ታንኳ ሠሪ ሁሉ አብሮት ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ የሙሔ ልጅ አርበኞችን በታንኳ ሲያሻግር ተይዞ ተሰቀለ፤ «ለጣሊያን ማን ጠቆመው?» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ቀልዱን የሚያስታውስ እንጂ የሚስቅበት ጠፋ።

ከሐይቁ ማዶ የቁንዝላው ሙሔ የአደም ወዳጅ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ደንገል አብረው አጭደው ታንኳ አብረው አስረውበታል። ልጁን ከቀበረ በኋላ ግን ባሕር ዳርን አልረገጠም። ለአደም ቀብርም አልመጣም።

አደምን የወሰደው ሐይቁ ነው። ፀሐይ ውኃው ላይ ስታንጸባርቅ የቀላ ዓይኑን እንደ መርፌ ስለምትወጋው፣ ጨፍኖ ይቀዝፍ ነበር። ታንኳው ከድንጋይ ተጋጭቶ ተገለበጠ። ሬሳው ሲታጠብ ሱሌማን የግራ ዓይኑን አየ፤ ብሌኑ ከቀኙ ይልቅ ሰፍቶ ጥቁር ጉድጓድ መስሏል። በእጁ ጨፈነው። ከዚያ ወዲህ ግን ያ ዓይን ከየሰዉ ፊት ላይ ያየዋል፤ ከአስያም፣ ከእናቱም።

አባቱን ምን ያህል ያውቀዋል? በልጅነቱ ለትምህርት ግብጽ ሄዶ የተመለሰው በቅርቡ ነው። ያገኘው ጎልማሳ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ የሚነሣ፣ «ሲነጋ እንጨት ነኝ፤ ሲረፍድ ሰው እሆናለሁ» የሚል፣ ከፀሐይ ሸሽቶ ጋቢ የሚከናነብ ነበር። የሚከናነበው ከፀሐይ ይሁን ከሰው፣ ሱሌማን አሁን እርግጠኛ አይደለም።

በማግስቱ ቤቱ ድንገት ጸጥ አለ። ከጣሊያን ጦር ጋር የመጣ፣ በሕክምናው ድንኳን የሚሠራ የሊቢያ ዓረብ በሩ ላይ ቆሟል። ወንዶቹ አንድ በአንድ ጫማቸውን እያነሡ ወጡ። ሰውየው በዓረብኛ አጽናንቶ ተቀመጠ። ከሱሌማን በቀር የተረዳው አልነበረም።

«አባቴ ወሬ ያቀብላችሁ ነበር?» አለው ሱሌማን በዚያው ቋንቋ።

«በየትኛው አፉ? እሱ ዓረብኛ አያውቅ፣ እኔ አማርኛ አላውቅ።»

«አስተርጓሚ አላችሁ።»

«ለበሽተኛ አስተርጓሚ ማን ይሰጣል?» አለ ሰውየው። «ዓይኑን የሚያቀላውና ወገቡን የሚያደርቀው አንድ በሽታ ነው ይላል ሐኪሙ፤ ወገቡን የነካካው ለዚያ ነው። የሰጠነው የዓይን ጠብታ ብሌኑን የሚያሰፋው ውስጡ እንዳይጣበቅ ነው።»

እሱ ሲሄድ ሱሌማን የሰማውን ለቀሩት ነገራቸው።

«የተናገረው ጣሊያን ያመጣው፣ የተረጎምኸው አንተ» አለች አስያ። «ግብጽ ሄደህ መቅዘፍ ረሳህ እንጂ መተርጎም አልጠፋህም። ማን ይመስክር?»

«እኔ» አለች ዘሊካ። «ወገቡን ቅቤ እየቀባሁ የኖርሁት እኔ ነኝ። ወገቡ በባሰበት ሰሞን ዓይኑም ይቀላ ነበር። ማን ጠየቀኝ?»

«አንቺማ ሚስቱ ነሽ።»

ሱሌማን ወደ ሐይቁ ወረደ። ወደ ቁንዝላ እንጨት ሊያመጣ የሚነሣ ባለታንኳ አገኘ።

«ለጋሽ ሙሔ ንገርልኝ» አለው። «አደም የሄደው ለዓይኑ ነው፤ ዓይኑና ወገቡ አንድ በሽታ ነበር። የልጅዎ ደም እጁ ላይ የለም። ካላመኑኝም ይምጡና ለወዳጅዎ ዱዓ ያድርጉ በላቸው።» ቃሉን አስደገመው። «ዘመዶቹ አላመኑም እንዴ ቢሉኝስ?» አለ ባለታንኳው። ሱሌማን ታንኳውን ገፋለት።

ባለታንኳው ሲመለስ ሱሌማን ውኃው ውስጥ ገብቶ ተቀበለው።

«ነገርኋቸው።»

«ምን አሉ?»

«ታንኳ እያሰሩ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ማሰራቸውን ቀጠሉ።»

«ሌላስ?»

«ገመዱን እንድይዝላቸው ሰጡኝ። ያዝሁላቸው።»

የሐዘኑ መዝጊያ ዱዓ ተደረገ። ከቁንዝላ የመጣ አልነበረም። ቤቱ ባዶ ሲሆን አስያ ምንጣፉን ልትጠቀልል ጎንበስ አለች። ዘሊካ መጥታ «ከቁንዝላ የሚመጣ ይኖራል» ብላ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

አስያ አንዴ ጎተተችው፤ ተወችው።