ዋሊድ በቀን ያላያት ዛፍ

ደግሞ አንድ ቅጠል፣ ይቺ ትናንት አረንጓዴ ነበረች፣ ወይስ ትናንትም ቢጫ ሆና እኔ ነኝ አረንጓዴ ያልኳት፣ አነሳታለሁ፣ የልጄን የዓፊያን ጥፍር ታክላለች፣ ማንም እንዳያያት አልጋው ስር እጥላታለሁ፣ ማን ሊያያት፣ ቤቱ ውስጥ እኔና ልጄ ብቻ ነን፣ ልጄም ተኝታለች፣ የባሌ ጓደኛ ረጀብ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ይመጣል ብለውኛል፣ ትናንት ማታ ከኩርሙክ ገብቷል፣ ከወርቁ ጉድጓድ፣ ከባሌ ጋር ሄዶ ብቻውን።

ብቻውን።

ብቻውን መጣ ማለት ምንም ማለት አይደለም፣ አብሮ የሄደ ሁሉ አብሮ አይመለስም፣ ዋሊድ ሥራ ይዞት ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል፣ መታመም ጥሩ ነው፣ ያ ረብ መታመም ይሁንልኝ፣ ባሌ ታሞ ተኝቶ ይሁን፣ እንዲህ ብላ የምትለምን ሚስት አለች እንዴ።

ዛፏን ውሃ ላጠጣት፣ አይ፣ ጠዋት አጠጥቻታለሁ፣ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ፣ እርጥብ ነው፣ ይሸታል። ሙሉ ዛፍ ናት እኮ፣ ግንድ አላት፣ ቅርንጫፍ አላት፣ ግንዷ እንደ ሽማግሌ ጉልበት ቆልመም ያለ ነው፣ ቁመቷ ግን ከውሃ ጆግ አይበልጥም፣ ቦንሳይ ይባላል ብላ ትሩፋት ስልኳ ላይ አሳይታኛለች፣ ጎረቤቴ ናት፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች የግብርና ባለሙያ። ዋሊድ ያመጣት ከቻይኖቹ ካምፕ ነው፣ መንገዱ አልቆ ሲሄዱ አለቃቸው ለሌሊት ጥበቃው ለዋሊድ ሰጠው፣ ረጀብ የዛን ቀን በሳቅ ሞተ፣ ወላሂ ዋሊድ፣ ቻይናው በዛፍ ሸኘህ፣ ጥላዋ ስር ማን ሊቀመጥ ነው፣ ጫጩት? ከዚያ ወዲህ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፣ ኡም ሸጀራ ነው የሚለኝ፣ የዛፍ እናት፣ ገና ከበር ይጮሃል፣ ኡም ሸጀራ፣ ልጅሽ አደገች ወይ፣ ዛሬም ይጩህ፣ ዛሬም እንደዚያ ካለኝ ዋሊድ አለ፣ ስሜን ከጠራ

አይጠራም።

ዋሊድ ሲሄድ የጫማውን ክር እያሰረ፣ ሳሊማ፣ እሷን ከቤት እንዳታወጫት፣ የቤት ዛፍ ናት፣ ቻይናው ቢሮው ውስጥ ነው የሚያኖራት፣ ደግሞ የእማዬ ፍየል አትምራትም፣ እሺ አልኩ፣ እሷ ካለች እኔም አለሁ በይ አለና ሳቀ፣ ቀልዱን ነው፣ ቀልድ ነበር፣ እኔ ነኝ ቀልዱን ይዤ የቀረሁት። አማቴ ኸድራ ሰምታ ተቆጣችኝ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ የሰው ነፍስ ከእንጨት ጋር አይታሰርም፣ አስተግፊሩላህ በይ፣ አስተግፊሩላህ እላለሁ፣ እላለሁና ተመልሼ ቅጠሏን አያለሁ።

ልደውል። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም፣ እባክዎ ጥቂት ቆይተው እንደገና ይሞክሩ፣ ሴትዮዋ እንዴት ረጋ ብላ ነው የምትናገረው፣ እሺ እላታለሁ እንደ ሰው፣ እሺ እቆያለሁ። የመጨረሻ መልእክቱ አለ፣ ፊደሉን እየቆጠርኩ ነው የማነበው፣ ደ ህ ና ነ ኝ፣ ዝ ና ብ በ ዛ፣ ዛ ፏ እ ን ዴ ት ና ት፣ ዝናብ በዛ፣ ከዚያ ሰው ጉድጓድ ተደረመሰ ማለት ጀመረ፣ የእነማን ጉድጓድ ስል የሚያውቅ የለም፣ እዚያ ጉድጓዱ ብዙ ነው ይሉኛል፣ ብዙ ነው፣ ብዙ ይሁን።

ዓፊያ ተገላበጠች፣ ባባ አለች በእንቅልፏ፣ ባባ የምትለው ዛፏን ነው፣ ይቺ የባባ ናት አትንኪ፣ የባባ ናት አትንኪ እያልኳት ባባ ብላት ቀረች፣ ከገንፎዋ ታካፍላታለች፣ አንድ ቀን ሻዩን ከነስኳሩ አፈሩ ላይ ደፋችው፣ ባባ ጠጣ፣ ጉንዳን ወረራት፣ ልጄን መታኋት፣ መትቼ አቀፍኳት፣ አቅፌያት ጉንዳን ስለቅም ዋልኩ።

ቅዳሜ ገበያ ብሪቱን ባላገኛት ምን ነበር። ብሪቱ ካምፑ ውስጥ ቀን ቀን ወጥ ትሠራ ነበር፣ ሽንኩርት እየመረጠች፣ ያቺ ድንክዬ ዛፍ ደህና ናት አለችኝ፣ ጠወለገችብኝ አልኳት፣ ከቤት ሳላወጣት፣ ፀሐይ ሳላስነካት፣ እንዴ አለች፣ አንቺ ሴት፣ ቻይናው እኮ በየጠዋቱ እንደ ሕፃን አቅፎ ደጅ ያወጣት ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ፣ ሲመሽ ነው የሚያስገባት። ሲመሽ። ዋሊድ ሥራ ሲገባ እሷ ገብታለች፣ ዋሊድ ሥራ ሲወጣ እሷ ገና አልወጣችም፣ በቀን አይቷት አያውቅም፣ ባሌ ያየውን ነገረኝ፣ እኔም ባሌን ሰማሁ፣ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ ከተትኳት፣ ከቀርከሃው ግድግዳ ጭቃው በረገፈበት ክር የምታህል ብርሃን ትገባለች፣ አንገቷን ወደዚያች ታዞራለች፣ እኔ ደግሞ ባዞረች ቁጥር መልሼ አቀናታለሁ፣ እንድታምር ብዬ፣ ጨለማ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል ሰው፣ ዛፍ ማለቴ ነው።

ለትሩፋት ነገርኳት፣ በስብሰባ አማርኛዋ ጀመረች፣ ተክሉ በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ ቅርፊቱን በጥቂቱ መፋቅ ያስፈልጋል፣ ፊቴን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ በጥፍርሽ ጫር አድርጊያት የኔ እናት፣ ውስጧ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለች፣ ቡናማ ከሆነ በቃ። ጫፏን ጫርኩ፣ ቡናማ። ዝቅ አልኩ፣ ቡናማ። ቅርንጫፎቿን ሁሉ፣ መሐል ግንዷን፣ ገላዋ በጥፍሬ አለቀ፣ ያልነካሁት ሥሯ አጠገብ ነው፣ አፈሩ ጋ፣ እሱን አልነካም፣ እዚያ ጋ አረንጓዴ ነው፣ ካልነካሁት አረንጓዴ ነው። ትናንት ማታም ረጀብ ቤት መሄድ እችል ነበር፣ ከመስጊዱ ጀርባ ነው፣ አልሄድኩም።

አዛኑ ካለፈ ቆየ።

ኮቴ፣ ጭቃ የያዘው ጫማ፣ የረጀብ ነው፣ አሁን ይጮሃል፣ ጩህ፣ ልጅሽ አደገች ወይ በል፣ በሩ ጋ ቆመ፣ ጫማውን እያወለቀ ነው፣ ምን ያስቆየዋል፣ እንደ ሽማግሌ ያስላል፣ ረጀብ አያስልም እኮ፣ ረጀብ

ሳሊማ፣ ይላል ቀስ ብሎ፣ ሳሊማ፣ አለሽ?

ቆይ፣ እለዋለሁ፣ ምንም አትበል፣ ቆይ። ዛፏን አነሳለሁ፣ አቅፌያት እወጣለሁ፣ ረጀብ ግድግዳውን ተጠግቶ ያሳልፈኛል፣ እግሩን ነው የሚያየው፣ እኔን አያይም፣ ዝናቡ አባርቷል፣ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል፣ ግቢው መሐል አስቀምጣታለሁ፣ ደጅ ስትሆን እንዴት ታንሳለች። የኸድራ ፍየል ከአጥሩ ጥግ ቀና ትላለች፣ የልጄን ነጠላ ጫማ የበላች ፍየል፣ የሳሙና ወረቀት የምትበላ፣ በሩን ስዘጋባት የከረምኩት፣ ትመጣለች፣ ረጀብ ሊያባርራት እጁን ያነሳል፣ ተዋት እለዋለሁ፣ ትብላ፣ ከበላች ዛፏ ገና የሚበላ ነገር አላት ማለት ነው፣ ተዋት። አፍንጫዋን ቅርንጫፉ ላይ ታደርጋለች፣ ዝቅ ትላለች፣ ግንዱን ታሸታለች፣ ሥሩን፣ እኔ ያልነካሁትን፣ ብዪ፣ ብዪ እንጂ፣ ታነጥሳለች፣ ዞር ትልና በዝናብ የራሰ ካርቶን አንስታ ማላመጥ ትጀምራለች።

ረጀብ እጁን እንዳነሳ ነው።

እሺ፣ እለዋለሁ። አሁን ንገረኝ።