የከሰላው ገዥ

አንዳርጋቸው ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከተማ ዳር ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ነበረችው። ፋሽጋ እርሻ እየወረደ ሰሊጥ ሲያጭድ፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ሠርቶ ባጠራቀመው ነው የገዛት። ጎንደር ሳለ አባቱ ያወረሱትን ቤት ደርግ «ትርፍ ነው» ብሎ ወስዶበት ስለነበር፣ ቦታዋን በእሾህ ሲያጥር «ከእንግዲህ መሬቴን የሚነካት የለም» ብሎ ማለ። እንዳለውም ማንም አልነካትም፤ እሱ ራሱም ጭምር። ዓመታት አለፉ፣ አንድ ጡብ አላቆመባትም።

ቤቱን የሠራው በአፉ ነው። አመሻሽ ላይ ወንበሩን ይዞ ይመጣና መሐል ላይ ተቀምጦ ለአላፊ አግዳሚው እልፍኙን፣ በረንዳውን፣ የእንግዳ ማረፊያውን በጣቱ ያሳያል። ሚስቱ ማሬ አንድ ቀን ቆማ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «እልፍኝህ ውስጥ የተኛችው ፍየል የማን ናት?» አለችው።

ፍየሏ የባሕሪያ ነበረች። ባሕሪያ ከመተማ ነጋዴዎች ወገን የሆነች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከአንዳርጋቸው ቦታ ጎን ባለው ግቢዋ እህል ትነግዳለች። ጆንያው ግቢዋን ሞልቶ መተላለፊያ አሳጥቷታል።

በዚያው ሰሞን ማሬ ወፍጮ ያለው ሰው ሸሪክ እንደሚፈልግ ሰማች። «ቦታዋን ለባሕሪያ ሽጣትና በገንዘቡ እንግባ» አለችው። አንዳርጋቸው አኮረፈ። የሚከራዩት ክፍል ጣራ እንደገና ሲያፈስ ኩርፊያው ለቀቀው። ግን ለምኖ መሸጥን ሞት አደረገው። ሻጭ ተፈላጊ መምሰል አለበት ብሎ አሰበና ወደ ባሕሪያ ሱቅ ሄደ።

«እቴ ባሕሪያ» አለ፣ መንገድ ላይ ሲለማመደው በመጣው ድምፅ፤ «አንድ የከሰላ ነጋዴ ቦታዬን አይቶ ወዷታል። እኔ ግን ጎረቤቴ ሳትሰማ አልሸጥም አልሁት።»

ትደነግጣለች ብሎ ጠበቀ። ባሕሪያ መስፈሪያውን አስቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ደስ ያለዎት አያ አንዳርጋቸው። ሰውየው ግን ስለ ውሃው ያውቃል?»

«የምን ውሃ?»

«በኸሪፍ፣ ዝናሙ ሲበረታ፣ የሰፈሩ ጎርፍ ሁሉ እዚያ አይደል የሚተኛው? አፈሩም በበጋ ይሰነጠቃል፤ አምና ፍየሌ እግሯ ገብቶ ቀርቶ በስንት መከራ አወጣናት። ለሰውየው ልንገረው እንጂ፤ አላህ ይጠይቀኛል።»

«ውሃውማ ጥሩ ነው፤ ጉድጓድ ከመቆፈር ያድናል» አለ አንዳርጋቸው። ያለውን ነገር ጆሮው ሲሰማው ራሱን ታዘበው።

«ስሙስ ማን ነው? ወንድሜ አብዱልሰላም ከሰላ ነው የሚነግደው።»

«ሙዘይን» አለ፣ አፉ ላይ የመጣለትን።

«የማን ልጅ?»

«የአሊ።»

«ምን ይነግዳል?»

«ሽንኩርት።»

ሙዘይን አሊ እንዲህ ተወለደ። ከዚያ በኋላ ባሕሪያ ባገኘችው ቁጥር ስለምትጠይቀው፣ ነጋዴው የጭነት መኪና ገዛ፣ ሁለተኛ ሚስት አገባ፣ ትንሽም አነከሰ። አንዳርጋቸው ለራሱ ቤት ያላቆመውን ግድግዳ ለሙዘይን ሲያቆምለት ሰነበተ። ማሬ ስትሰማ ራሷን ይዛ፣ «ምነው እኛንም እንዲህ ብታበለጽገን» አለችው።

አብዱልሰላም ከከሰላ ሲመለስ ባሕሪያ ሰው ልካ አንዳርጋቸውን አስጠራችው። ሲደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ አገኛት፤ ፊቷ ተቆጥቷል።

«አያ አንዳርጋቸው፣ ሙዘይን አሊ የሚባል የሽንኩርት ነጋዴ በእርግጥ አለ። አብዱልሰላም አግኝቶታል። ነገር ግን ወላሂ ገዳሪፍን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ብሏል። አንድ አጭበርባሪ በሰው ስም መጥቶ ሊበላዎት ነው። ተነሡ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ።»

የአንዳርጋቸው የመኖሪያ ወረቀት ጊዜው ካለፈ ከርሟል፤ ፖሊስ ጣቢያ የሚያልፈውም በሌላ መንገድ ዞሮ ነው። ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«እቴ ባሕሪያ፣ አጭበርባሪውን አውቀዋለሁ።»

«ማን ነው?»

«የማሬ ባል።»

አብዱልሰላም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ለምን?» አለች ባሕሪያ።

«አንቱን ግዙኝ ማለት አፈርሁ። ድሃ መሆኔን ያላወቁ መስሎኝ።»

«እኔ እኮ ቦታዋን ከፈለግኋት ቆየሁ» አለች ባሕሪያ ቀስ ብላ። «ልጠይቅዎት እልና፣ ማታ ማታ ወንበርዎን ይዘው ሲመጡ ሳይ፣ ቤትዎን የማፈርስብዎት እየመሰለኝ ተውሁት።»

ከአብዱልሰላም ሳቅ ይልቅ ይህ ጎዳው። ሰው ሁሉ ሲስቅበት የኖረ ይመስለው ነበር፤ የሚያዝንለት እንዳለ አላሰበም። «ለማፍረስ እንኳ ብዙ አያደክምም» አለ።

ባሕሪያ ያን ጊዜ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ዋጋ ሲነጋገሩ ግን ሊከራከር ቢነሣ አፍ አጣ። ስንጥቁንም ጎርፉንም አስቀድማ ዘርዝራበታለች፤ እሱም መልሱን በውሸት ጨርሶታል። ደግነቱ ሴትዮዋ አልጨከነችበትም፤ ፍየሎቿ ሲግጡ ለኖሩት ሣር ብላ ጨመረችለት። ሽያጩ በሰፈሩ ሼክ ፊት ተፈጸመ። የማሰሪያው ዱዓ፣ ፋቲሓ፣ ሲቀራ አንዳርጋቸው መዳፉን ዘረጋ፤ ሲያበቃ ልማድ ሆኖበት አማተበ፤ ሼኩም እንዳላዩ አለፉት።

ወደ ቤት ሲመለስ ማሬ፣ «አዘንህ?» አለችው።

ሐዘኑን ፈልጎ አጣው። «እርቦኛል» አላት።

በሳምንቱ የወፍጮ ሸሪክ ሆነው ገቡ። አንዳርጋቸው ለመጀመሪያው ቀን ነጭ ጀላቢያ ለብሶ እንደ ባለቤት በር ላይ ቆመ። ሞተሩ ሲነሣ ሰው አንሶ ነበርና ማሬ ጆንያ አሸከመችው። ማታ የመጣ አንድ ደንበኛ፣ «ባለወፍጮው የት አለ?» ብሎ እሱኑ ጠየቀው። አንዳርጋቸው ከቅንድቡ ላይ ዱቄቱን ጠራረገና ማሬን አሳየው።