ሳህኑ አይወርድም

አምና የሮብ ገበያን ስንዴ ዋግ ሲመታው ሳተላይቱ አይቶ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ምስሉ አዲስ አበባ ወርዶ፣ በየቢሮው ሲንከባለል ከርሞ ወረዳው ሲደርስ ማሳው ገለባ ሆኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

የግብርና ባለሙያዋ እስከዳር በዚህ አንጀቷ አርሮ፣ ለምናም ተጨቃጭቃም ከሳተላይቱ በቀጥታ የሚቀበል ሳህን የቢሮው ጣሪያ ላይ አስተከለች። ሳተላይቱ ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው በላያቸው የሚያልፈው፤ ሙሉውን ምስል ልቀበል ስትል እየተቋረጠ አስለቀሳት። ዛሬ ደመናውንና የሌላውን አገር እዚያው ሰማይ ላይ አበጥሮ የእነሱን ማሳ ብቻ እንዲልክ አዝዛዋለች። ዘንድሮም ዋጉ ገብቷል፤ በእጇ ያለው መድኃኒት ለጥቂት ማሳ ነው፤ የት እንደምትረጨው ዛሬ ካላወቀች አለቀ። እማማ ታየች፣ የዓመት ቀለባቸው ያው ስንዴ ብቻ የሆነ ባልቴት፣ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ተቀምጠው ወሬውን ይጠብቃሉ።

ሳተላይቱ ሊደርስ ሲል ከበላይ የተላከው ኃላፊ አምደሚካኤል በመኪና ከተፍ አለ።

«መረጃ የሚመጣው ከማእከል ብቻ ነው! ማን ፈቀደልሽ?» ብሎ ሳህኑን ሊያወርድ መሰላል ጣሪያው ላይ አስደገፈ።

«አይወርድም!» አለች እስከዳር። «ከፈለጉ እኔን ያባርሩኝ፤ ሳህኑን ግን አይነኩትም!»

እሱ መች ሰምቷት! መውጣት ጀመረ።

«በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ እማማ ታየች።

ይህ ከተባለ ሽማግሌ ሳይሰማ ንቅንቅ የለም። አምደሚካኤልም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ መሰላሉ ላይ እንዳለ ቀረ። ተናደደ፣ አላበው፣ አንዲት እርከን ግን አልጨመረም። ሽማግሌ እስኪጠራ ምስሉ ወረደ።

እስከዳር ኮምፒውተሩን አየችና ወደ እማማ ታየች አዞረችው። የእማማ ታየች ማሳ ከዳር እስከ ዳር በዋጉ ቀልቷል። ከግርጌው ያለው የጎረቤቶቻቸው ስንዴ ገና አረንጓዴ ነው።

«የኔው ነው?» አሉ እማማ ታየች።

«የእርስዎው ነው፣ እማማ። ከመድኃኒት አልፏል።»

የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ። እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? የኔን በላ፤ የታቹን አይበላትም! አውጪ መድኃኒቱን!» ወደ መሰላሉም ዞሩ። «አንተም ውረድና መኪናህን አስነሳ፤ መድኃኒቱን እንጫን!»

አምደሚካኤል ወርዶ መኪናውን አስነሳ።